የቀድሞውን አድራሻ የያዘ መልእክተኛ

(ዊንዶውስ ከታደሰ በኋላ በኮምፒውተር ላይ ያሉ አቋራጮች ስለሚዘገዩበት ምክንያትና ስለ መፍትሔው በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



አንድ እንግዳ ከሩቅ አገር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ አሰበ እንበል። በኪሱ ውስጥ ዘመዱ ከብዙ ዓመታት በፊት የጻፈለት ትንሽ ወረቀት አለ፤ በወረቀቱም ላይ «ባቡር ጣቢያው ለገሃር ነው» ተብሎ ተጽፎአል። እንግዳው ወረቀቱን አምኖ በማለዳ ተነሥቶ ለገሃር ይወርዳል። «የባቡር ጣቢያ ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ስሙ ገና አልጠፋምና «ይኸው ነው» ይሉታል፤ ባቡሩን ቢጠብቅ ግን አይመጣም። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ ደግ ሰው «ወንድሜ፥ የዛሬው ባቡር ከዚህ አይነሣም፤ በከተማው ደቡብ በኩል ከፉሪ ለቡ ነው» ብሎ ይመራዋል። እንግዳው ፉሪ ሲደርስ ቀኑ ተጋምሶአል።

እንግዲህ ለዚህ መዘግየት ጥፋተኛው ማን ነው? ባቡሩ ነው እንዳንል ባቡሩ በሰዓቱ ተነሥቶ ሄዶአል። መንገዱ ነው እንዳንል መንገዱ ክፍት ነበር። እንግዳውም ሰነፍ አይደለም፤ በማለዳ ተነሥቶአል። ጥፋቱ ያለው በኪሱ በያዘው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱም ቢሆን በተጻፈበት ዘመን እውነት ነበር። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣው ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ጣቢያ ማለት ነው። ነገር ግን የቀድሞው ባቡር ከአዲስ አበባ መነሣቱን አቁሞ፥ ዐዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የከተማው ጣቢያ ለቡ ሆነ። ጣቢያው ቦታውን ሲለውጥ በሰው ኪስ ያለው ወረቀት አብሮ አልተለወጠም።

ዛሬ የተነሣሁት ግን ስለ ባቡር ለመናገር አይደለም። በየመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ኮምፒውተር ውስጥ ይህን እንግዳ የሚመስል መልእክተኛ እንዳለ፥ እርሱም በየቀኑ ወደ ቀድሞው ለገሃር እየሄደ እኛን እንደሚያስጠብቀን ለማስረዳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለሚባለው ሥርዓት የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሞአል። ከዚያ ቀን ወዲህ ለተጨማሪ ጊዜ በልዩ ካልተመዘገበ በቀር ያ ሥርዓት የደኅንነት ማሻሻያ አይደርሰውም። በዚህም ምክንያት አያሌ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ወደ ዊንዶውስ 11 ማሳደግ ግድ ሆኖባቸዋል። ከእድሳቱ በኋላም አንድ ዓይነት ምሬት ይሰማል፤ «ማሽኑ ታደሰ ተባለ እንጂ ፎልደር ለመክፈት ከቀድሞው ይልቅ ይዘገያል፤ በዴስክቶፕ ላይ ያለውን ምልክት ሁለት ጊዜ ተጭኜ ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ» የሚል ነው።

ይህ ምሬት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። አንድ ሠራተኛ በቀን አርባ ጊዜ አንድ ፎልደር የሚከፍት ቢሆን፥ በእያንዳንዱም ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይበት፥ በቀን ሃያ ደቂቃ ይጠፋል። እንዲህ ያሉ አምስት ሠራተኞች ባሉበት ክፍል የሚጠፋው ጊዜ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። ይህ ጊዜ የሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ የሚጠብቀው ባለ ጉዳይም ጊዜ ነው። ከፉሪ ተነሥቶ፥ ልጁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፥ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ የመጣ ሰው «ሲስተሙ ዘግይቶአል» የሚለውን መልስ ሲሰማ የሚሰማውን ስሜት ሁላችንም በየተራችን ቀምሰነዋል።

ከመዘግየቱ የባሰው ግን መዘግየቱን ለመፈወስ ሲባል የሚሠራው ስሕተት ነው። በአገራችን ኮምፒውተር ያስቸገረ እንደሆነ ወዲያው የሚታዘዝለት መድኃኒት የታወቀ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ፎርማት ማድረግ ማለት ቤቱ ውስጥ አንዲት ቁልፍ ስለ ጠፋች ቤቱን አፍርሶ እንደ ገና መሥራት ማለት ነው። በቤቱ ውስጥ የነበረው ዕቃ አስቀድሞ ወደ ሌላ ስፍራ ካልወጣ ከፍርስራሹ ጋር ይሄዳል። የዐሥር ዓመት መዝገብ፥ የደመወዝ ዝርዝርና የባለ ጉዳዮች ማመልከቻ በዚህ ዓይነት የጠፋ እንደሆነ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት እንኳ አይበቃውም፤ የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምምና።

ስለዚህ አስቀድመን ነገሩን እንወቀው። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ያለው ሾርትከት የሚባለው ምልክት፥ በአማርኛ አቋራጭ ልንለው እንችላለን፥ ራሱ ፎልደር አይደለም። ምልክቱን ልብ ብለው ቢመለከቱት በግርጌው በስተግራ በኩል ትንሽ የታጠፈች ቀስት አለችበት። ያች ቀስት «እኔ ዕቃው አይደለሁም፤ ዕቃው ያለበትን አመለክታለሁ» ማለቷ ነው። በውስጡ የተጻፈው በዋናው የፎልደሩ አድራሻ ነው፤ ማለትም በየትኛው ኮምፒውተር፥ በየትኛው ዲስክ፥ በየትኛው ስም ሥር እንደሚገኝ ነው። መጠኑም እጅግ ትንሽ ነው፤ ፎልደሩ አንድ ሺህ ሰነድ ቢይዝም አቋራጩ ያው ቁራጭ ወረቀት ነው።

እርስዎ አቋራጩን ሲጫኑ ዊንዶውስ ወረቀቱን አንብቦ ወደ ተጻፈው አድራሻ ይገሠግሣል። አድራሻው በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ከሆነ ወዲያው ይደርሳል። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ግን በኔትወርኩ በኩል ስሙን እየጠራ ይፈልጋል። የተጠራው መልስ ከሰጠ በሩ ይከፈታል። መልስ ከሌለ ዊንዶውስ ወዲያው ተስፋ አይቆርጥም፤ «ምናልባት መንገዱ ተጨናንቆ ይሆናል» ብሎ ይጠብቃል፥ ደግሞም ይጠራል፥ በሌላም ዘዴ ይሞክራል። ይህ ጥበቃ ነው በእኛ ዓይን ፊት ትንሽ ክብ እየዞረች የምትታየው። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሳይሆን የሌለ ሰው በር እያንኳኳ ነው።

አሁን ደግሞ እድሳቱ ለምን ይህን እንደሚያመጣ በምሳሌ እንመልከት። በፉሪ አካባቢ ስድስት ኮምፒውተሮች ያሉት አንድ መሥሪያ ቤት አለ እንበል። እንደ ብዙዎቹ ትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ለብቻው የተገዛ ሰርቨር የለውም፤ ሁሉም በጋራ የሚሠሩባቸው ሰነዶች የተቀመጡት በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ነው። የቀሩት አምስት ሠራተኞች ወደዚያ ፎልደር የሚወስድ አቋራጭ በየመስኮታቸው አኑረዋል። ከዕለታት አንድ ቀን የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 በዐዲስ መልክ ተጫነለት። ሰነዶቹ አስቀድመው በጥንቃቄ ወጥተው ኋላ ተመለሱ፤ አንድም አልጠፋም። ነገር ግን ዊንዶውስ በዐዲስ ሲጫን ለኮምፒውተሩ ራሱ ስም ያወጣለታል፤ «ዴስክቶፕ» ከሚል ቃል ቀጥሎ የተዘበራረቁ ፊደላትና ቁጥሮች ያሉበት ስም ነው። የቀድሞው ስም ተመልሶ ካልተሰጠው ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ተወለደ ማለት ነው።

አምስቱ ሠራተኞች ይህን አያውቁም። አቋራጮቻቸው እስከ ዛሬ የሚጠሩት የቀድሞውን ስም ነው፤ በዚያ ስም የሚመልስም የለም። ከመካከላቸው አንዱ ብልህ ሆኖ ወደ ዐዲሱ ስም ዐዲስ አቋራጭ ቢሠራም መዘግየቱ ሙሉ በሙሉ ላይለቀው ይችላል። ምክንያቱም በቀድሞው ስም የተሰየመ የዲስክ ፊደል፥ ለምሳሌ «ዜድ» ተብሎ የተያያዘ የኔትወርክ ዲስክ፥ በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀርቶአል። ፋይል ኤክስፕሎረር የሚባለው የፎልደሮች መስኮት ሲከፈት ያን የሞተ ዲስክ «አለህ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። እነሆ፥ አምስቱም ኮምፒውተሮች ጤነኞች ሳሉ አምስቱም «አርጅተዋል» ተብለው ስማቸው ጠፋ፤ የግዥ ጥያቄም ተጻፈባቸው።

እንግዲህ ክቡር አንባቢ ሆይ፥ ይህን የመሰለ ነገር በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ የደረሰ እንደሆነ ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት ራስዎ የሚያደርጓቸው አራት ፈተናዎች አሉ። ሐኪም በሽተኛውን «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ብሎ እንደሚጠይቅ፥ እነዚህ ፈተናዎች ሕመሙ በወረቀቱ፥ በመንገዱ፥ በቤቱ ወይስ በራሱ በማሽኑ እንደ ሆነ ይለያሉ።

አንደኛው ፈተና፤ አቋራጩን ትተው በዋናው መንገድ ይሂዱ። ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍተው ፎልደሩ ወዳለበት ስፍራ ደረጃ በደረጃ ይግቡ። በዚህ መንገድ ወዲያው የተከፈተ እንደሆነ ቤቱም መንገዱም ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው።

ሁለተኛው ፈተና፤ በኔትወርክ ላይ ሳይሆን በገዛ ኮምፒውተርዎ ውስጥ የሚገኝ ሌላ ፎልደር ይክፈቱ። ይህኛው ቶሎ ከተከፈተ፥ የጋራው ፎልደር ግን በየትኛውም መንገድ የሚዘገይ ከሆነ፥ ማሽንዎን አይውቀሱ፤ ችግሩ በኔትወርኩ መስመር ወይም ፎልደሩን በያዘው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ሦስተኛው ፈተና፤ ከጎንዎ ያለውን ባልደረባ ያንኑ ፎልደር በራሱ ኮምፒውተር እንዲከፍት ይለምኑት። ለእርሱ ቶሎ ተከፍቶ ለእርስዎ ከዘገየ ጉዳዩ የእርስዎ ኮምፒውተር ነው። ለሁሉም ከዘገየ ጉዳዩ የጋራ ነው። በዚህ ጊዜ አስቀድመው የሚመለከቱት ቀላሉን ነገር ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፎልደሩን የያዘው ኮምፒውተር ሳይበራ ቀርቶ እንደሆነ፥ ወይም የኔትወርኩ ገመድ ተነቅሎ እንደሆነ ይዩ።

አራተኛው ፈተና፤ በገዛ ኮምፒውተርዎ ውስጥ ያለውም፥ የኔትወርኩም፥ ሁሉም ነገር እኩል የሚዘገይ ከሆነ «ኮንትሮል»፥ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች ባንድ ጊዜ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር የሚባል መስኮት ይከፈታል። በዚያ ላይ «ዲስክ» ከሚለው ቃል በላይ የሚታየው ቁጥር ለረጅም ጊዜ መቶ ከመቶ ላይ ቆሞ ከተገኘ ማሽኑ ከበስተ ጀርባ ሌላ ሥራ እየሠራ ነው። ከትልቅ እድሳት በኋላ ዊንዶውስ ለፍለጋ የሚጠቀምበትን የሰነዶች ማውጫ እንደ ገና ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ቀሪ ማሻሻያዎችን ያወርዳል፤ አንቲቫይረሱም ፋይሎችን ይመረምራል። ይህ ኮምፒውተሩን አብርቶ ለጥቂት ሰዓቶች፥ ቢበዛም ለአንድ ሁለት ቀን በመታገሥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፍ ነው። ባያልፍ ግን ምናልባት በውስጡ ያለው የሚሽከረከር የቀድሞ ዓይነት ሃርድ ዲስክ ለዐዲሱ ሥርዓት ከብዶት ይሆናልና ለባለሙያ ይነገር።

ጥፋቱ የወረቀቱ መሆኑ ከታወቀ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በአቋራጩ ላይ የማውዙን የቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ይምረጡ። «ታርጌት» በሚለው መስመር ላይ አድራሻው ተጽፎ ያገኙታል። ያነበቡት ስም ከእድሳቱ በፊት የነበረው ስም ከሆነ ምስጢሩ ተገለጠ። አድራሻው ትክክል ሆኖ ሳለ አቋራጩ ቢዘገይ ደግሞ «ቼንጅ አይከን» የሚለውን ተጭነው የምልክቱ ሥዕል ከየት እንደሚመጣ ይዩ፤ አንዳንድ ጊዜ ፎልደሩ በዐዲሱ ስፍራ ሳለ ሥዕሉ ብቻ ከቀድሞው ኮምፒውተር እንዲመጣ ታዝዞ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ ለአንዲት ትንሽ ሥዕል ሲል ወደ ጠፋው ቤት ይመላለሳል።

ከዚያ በኋላ አሮጌውን አቋራጭ አጥፍተው ዐዲስ ይሥሩ። ዐዲሱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ወደ ዋናው ፎልደር በትክክለኛው መንገድ ሄደው የማውዙን የቀኝ ቁልፍ ይጫኑበት፤ በዊንዶውስ 11 ላይ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» የሚለውን፥ ቀጥሎ «ሴንድ ቱ» የሚለውን፥ በመጨረሻም «ዴስክቶፕ» የሚለውን ይምረጡ። አሮጌውን ስለ ማጥፋት አይፍሩ፤ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ቢቀደድ ቤቱ አይፈርስም። ነገር ግን ከማጥፋትዎ በፊት ያችን የታጠፈች ቀስት በዓይንዎ ያረጋግጡ። ቀስት የሌለው ምልክት አቋራጭ ሳይሆን ራሱ ፎልደሩ ሊሆን ይችላልና አይንኩት።

ከዚህም ጋር የሞቱትን ሌሎች አድራሻዎች ማጽዳት ያስፈልጋል። በፋይል ኤክስፕሎረር በስተግራ በኩል በተርታ ከሚታዩት ስሞች መካከል ዛሬ የማይሠራውን «አንፒን» የሚለውን መርጠው ያውርዱት። የቀድሞውን ስም የያዘ የኔትወርክ ዲስክ ካለ «ዲስኮኔክት» ብለው ያላቅቁት። «ኦፕሽንስ» በሚባለው መስኮት ውስጥም «ክሊር» የሚለውን ቢጫኑ በቅርብ የተከፈቱት ሰነዶች ዝርዝር ይጠፋል፤ የሚጠፋው ዝርዝሩ እንጂ ሰነዶቹ አይደሉም። እዚያው ላይ ፋይል ኤክስፕሎረር ሲከፈት በ«ሆም» ፈንታ በ«ዚስ ፒሲ» እንዲጀምር ማዘዝ ይቻላል፤ ይህም በመስኮቱ መክፈቻ ላይ የሚደረገውን ፍለጋ ይቀንሳል።

አቋራጩ ደኅና ሆኖ አንድ ፎልደር ብቻ የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። ብዙ ሺህ ሰነዶች ያሉበትን ፎልደር ዊንዶውስ የፎቶግራፍ ወይም የፊልም መዝገብ አድርጎ ቆጥሮት ከሆነ ለእያንዳንዱ ትንሽ ሥዕል ሊያዘጋጅ ሲደክም ይውላል። በዚህ ጊዜ በፎልደሩ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ከስተማይዝ» የሚለውን ከፍተው «ጄኔራል አይተምስ» የሚለውን ይምረጡለት። ተራ የጽሕፈት ሰነዶች መሆናቸውን ካወቀ በኋላ ድካሙ ይቀንሳል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ሠራተኛው በገዛ እጁ የሚያስተካክለውን ነው። አሁን የምንጠቅሰው ግን ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነው፤ በተለይም ኃላፊዎች ልብ እንዲሉት ያስፈልጋል።

የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በመካከሉ ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ የዐዲሱ ሐዲድ ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ነው። በመሆኑም ለአንደኛው የተሠራ ባቡር በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። በኮምፒውተሮች መካከል ፋይል የሚመላለስበት መንገድም እንዲሁ ዘመን አለው። ይህ መንገድ ኤስ ኤም ቢ ይባላል፤ የመጀመሪያው ዓይነቱም እጅግ ያረጀ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ላይ የተሰራጨው በዚህ አሮጌ መንገድ ላይ በነበረ ቀዳዳ ነው። በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ይዞ ሰነዶቻቸውን ቈልፎ ገንዘብ ጠየቀባቸው፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኞችን ለመመለስ ተገደዱ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያላስገቡት ናቸው።

ከዚህ የተነሣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ያ አሮጌ መንገድ ከሥርዓቱ ጋር በዐዲስ ሲጫን አብሮ አይገባም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ደግሞ ይበልጥ ጠንክሮ፥ በመሥሪያ ቤቶች በሚሠራበት ዓይነቱ ላይ፥ ያለ የይለፍ ቃል በእንግድነት ወደ ጋራ ፎልደር መግባትን ከልክሎአል። እንግዲህ የጋራው ሰነድ የተቀመጠው በአሮጌ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ወይም በአሮጌ የፋይል ማኖሪያ ሣጥን ላይ ከሆነ፥ ዐዲሱ ኮምፒውተር በሩን አንኳኵቶ ሊቋቋሙት በማይችሉት ቋንቋ ስለሚነጋገሩ ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይቀራል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሰዎች አሮጌውን መንገድ መልሰው በመክፈት ችግሩን ያቃልላሉ። ነገሩ ለዕለቱ ይሠራል፤ ነገር ግን ሌባ የገባበትን መስኮት ለነፋስ ሲሉ እንደ መክፈት ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ሰነዶቹን ዐዲሱን መንገድ ወደሚያውቅ ማኖሪያ ማዛወርና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የገዛ ስሙንና የይለፍ ቃሉን መስጠት ነው።

ከመደምደሜ በፊት በአቋራጭ ምክንያት ስለሚደርሱ ሁለት ጉዳቶች አንድ ቃል ልጨምር። የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ወደ ስልጠና ወይም ወደ ስብሰባ የሚሄድ ሠራተኛ ፎልደሩን በፍላሽ የገለበጠ እየመሰለው አቋራጩን ብቻ ገልብጦ ይሄዳል። በስብሰባው አዳራሽ ፍላሹን ሲሰካ ሪፖርቱ የለም፤ የያዘው ወረቀቱን እንጂ ቤቱን አልነበረምና። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት የገለበጡትን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ይዩት። ሁለተኛው፤ በፍላሽዎ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ በድንገት አቋራጭ ሆነው ከታዩ አንዳቸውንም አይጫኑ። ይህ ሰዎች «ሾርትከት ቫይረስ» የሚሉት ነው፤ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ ራሱን በስማቸው ይሰይማል። ሰነዶቹ ብዙ ጊዜ ተደብቀው አሉና ፍላሹን ፎርማት ሳያደርጉ ለባለሙያ ያሳዩ።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም የማሳስበው አለ። ኮምፒውተሮች ከመታደሳቸው በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፤ የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ስም፥ የጋራ ፎልደሮቹ የሚገኙበት ስፍራ፥ የነማን አቋራጭ ወደዚያ እንደሚያመለክት። እድሳቱ ካለቀ በኋላ የቀድሞው ስም ለኮምፒውተሩ ከተመለሰለት አብዛኛው ችግር ከመነሻው አይመጣም። ስሙ መለወጥ ካለበትም ሠራተኞቹ በዚያው ዕለት ይነገራቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጋራው ሰነድ ቅጂ በሌላ ዲስክ ተወስዶ፥ ቅጂውም ተከፍቶ መነበቡ ሳይረጋገጥ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ትእዛዝ ከማንም አፍ አይውጣ።

የዐዲስ ኮምፒውተር ግዥ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ በእውነት ያረጀ ማሽን አለ፤ እርሱም በጊዜው መተካት አለበት። የምለው፥ በሕዝብ ገንዘብ ዐዲስ ማሽን ከመግዛታችን በፊት አሮጌውን አድራሻ እናርም ነው። አድራሻው ካልታረመ ዐዲሱም ማሽን ያንኑ ወረቀት ይዞ ወደዚያው ለገሃር መሄዱ አይቀርም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው። በነገው ዕለት አቋራጩን ተጭነው ያች ክብ መዞር ስትጀምር፥ እጅዎን ወደ ስልክ ከመስደድዎ በፊት አንድ ጊዜ «ይህ መልእክተኛ የሚሄደው ወዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ በመስኮቱ ፊት የቆመው ባለ ጉዳይም ወደ ፉሪ በጊዜ ይመለሳል።